ጨው የጠጡት ሎሚዎች

እህቴ የሎሚ ችግኝ እያፈላች ነው የምትኖረው። ሁለት ልጆቿን ያለ አባት ያሳደገችው በዚያ ነው። ከሐይቁ ውሃ በጋሪ የማመላልስላት እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ። ደሞዜ ምሳና ስድብ ነው።

ዝናብ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ሲይዝ ሐይቁ ሸሽቶ ዳር ዳሩን ነጭ ቅርፊት ተወ። ችግኞቹ ቅጠላቸው ከጫፉ ይቃጠል ጀመር።

«ጠምቷቸው ነው፣ ጨምር!» አለችኝ። ጨመርኩ። ባሰባቸው።

«ጨምር እንጂ! ምን ይለግማል ይሄ ሰውዬ!»

ወገቤ እስኪቆረጥ አመላለስኩ። አንድ ረድፍ ሙሉ ደረቀ።

አንድ ቀን ችግኞቿን ስትደባብስ እሳት ላይ የጣደችውን ሾርባ ረሳችው። ተንተክትኮ ግማሽ ሆኖ ቆየን።

«እትዬ፣ ጨው ደፋሽበት እንዴ?» አልኳት ቀምሼ።

«ኧረ አልጨመርኩም፤ ውሃው ነው ያለቀው» አለችና ማንኪያውን እንደያዘች ወደ ጋሪው ዞረች። ብድግ ብላ ጋሪው ላይ ካለው የሐይቅ ውሃ ቀመሰች። እኛ የምንጠጣው የቧንቧ ስለሆነ ማንም ቀምሶት አያውቅም። ወዲያው ተፋችው።

«ወይኔ ጉዴ! ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨውን ለእኛ ትታልናለች። እኔ ደግሞ ‹ጨምር› እያልኩ ገደልኳቸው!» አልቅሳ አታውቅም፣ ያን ቀን ግን አለቀሰች። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚሉት እውነት ነው።

በማግስቱ ግን ያቺው ኃይለኛ እህቴ ነበረች። «የሐይቅ ውሃ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር አይገባም!»

አፈሩ ውስጥ የተከማቸውን ጨው አጥቦ ችግኞቹ በተተከሉበት ከረጢት ሥር ለማስወጣት ብዙ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል። ቧንቧው ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከእኛ ገላ መታጠቢያ ቆርሳ ለሎሚዎቹ ሰጠች። ልጆቿ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጉ ጀመር። እኔማ ጋሪውን የሚጎትተው አህያ ሳይቀር ፊቱን አዞረብኝ። አሁንም አልበቃም።

እህቴ ወገቧ ላይ የሚደርስ ፀጉር ነበራት፤ ሰርግ ላይ ሴቶች ዞረው የሚያዩት። እሱን ማጠብ ባልዲ ሙሉ ይፈጃል። አንድ ጠዋት ስመጣ በመቀስ ሸልታው፣ ራሷን ተላጭታ፣ ችግኝ ታጠጣለች።

«እትዬ! ምን ነካሽ?»

«አርፈህ ባልዲውን አቀብለኝ።»

ብዙዎቹ ሞቱ። አንድ ጠዋት ግን «ና፣ ና ቶሎ!» ብላ ጠራችኝ። ከተረፉት በአንዱ ላይ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ቅጠል ወጥታለች። ጎንበስ ብላ አየቻት፣ ከዚያ ጥቁር ጥቁር ማለት የጀመረውን ራሷን ዳበሰችና ሳቀች።

«እስቲ እናያለን» አለች፣ «ማናችን ቀድመን እንደምናድግ።»