ወጌሻዋና የአውራጃው ትእዛዝ

አጥንት መጠገን የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ የጋዝጊብላ ሰው ክንዱ ወይም እግሩ ሲሰበር ወደ እኔ ይመጣ ጀመር።

አንድ ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ሰቆጣ አውራጃ ጽሕፈት ቤት አስጠሩኝ። ጸሐፊው ከእንግዲህ ፈቃድ የሌለው ሰው በሽተኛ እንዳይነካ የሚል ወረቀት አነበበልኝ።

«እንግዲያው ፈቃዱን ስጡኛ» አልኩት።

«ስምንተኛ ክፍል ለጨረሰ ነው የሚሰጠው። እርስዎ ማንበብ ይችላሉ?»

አልችልም ነበር። ብቀጥል እንደምታሰር ነገረኝ፤ ተውኩት።

በዐቢይ ጾም አንድ ጎረቤቴ ጎጆ ሲከድን ወደቀና ቀኝ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ መጣ። ደጃፌ ላይ ቆሜ መለስኩት። የሰቆጣው ድሬሰር ቁስል ያጥብ ነበር እንጂ ስብራት አያውቅም፤ ደሴ ሂድ አለው። ለደሴ አቅም አልነበረውም። ክንዱ እንደ ተጣመመ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ዓይኑን እሸሽ ነበር።

ክረምት ላይ የሕግ ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ፣ መርጠን የላክነው እንደራሴያችን የሕዝቡን አቤቱታ ሊሰማ ከአዲስ አበባ መጣ። ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ፣ «ይሂዱና ይናገሩ፤ እኔም ክንዴን አሳያለሁ» አለኝ። አብረን ሰቆጣ ጽሕፈት ቤት ሄድን።

አማርኛው ሲያደናቅፈኝ እንደራሴው በኽምጣና፣ «በቋንቋችን ይንገሩኝ፣ እናቴ» አለኝ። ሁሉን ነገርኩት። ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«በእኚህ ሴት እጅ ተጎዳሁ ያለ ሰው አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ስምንተኛ ክፍል የሚለውን ከየት አመጣችሁት?»

«ለድሬሰሮች የወጣ መመሪያ ነው። ወጌሻንም የሚጨምር መስሎን ነው።»

«ሕጉ እኛ ፊት ሲነበብ ወጌሻን አልከለከለም። ምክር ቤቱ ሲከፈት የጤና ሚኒስቴሩን እጠይቃለሁ።»

ጎረቤቴ ክንዱን አነሣ። «የእኔስ ነገር ማን ይጠየቅበታል?» አለ። እንደራሴው ቀጣዩን ባለ አቤቱታ ጠራ።

የሚኒስቴሩ ደብዳቤ የመጣው የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። ጸሐፊው ራሱ ቤቴ ድረስ ወጥቶ አነበበልኝ፤ መርፌ እስካልወጋሁና በስለት እስካልቀደድኩ ድረስ ፈቃድ አያስፈልገኝም ይላል። ሥራዬን ያዝኩ።

ጎረቤቴ በማግስቱ መጣ።

«ክንዴን እንደገና ሰብረው ያቃኑልኝ።»

ዳሰስኩት። ዓመት ሊሞላው ነበር። «ጊዜው አልፏል» አልኩት። «ያን ቀን የመለስኩህ መታሰር ፈርቼ ነው።»

«ዐውቃለሁ» አለኝ።

በግራ እጁ እርፍ መያዝ ለመደ። ትልሙ ግን እንደ ድሮው ቀጥ አላለለትም።