«ናይስ» የሚለው ቃል ቤታችን የገባ ዕለት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች ለሁሉም ነገር «ናይስ» ትል ነበር፤ ለቀሚሱም፣ ለዘፈኑም፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ሠርግም። ስሰማት ቁስቋም የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ። ይህ ቃል አንድ ጊዜ የእኔን ጉዳይ ሊያበላሽ ደርሶ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ከመካነ ብርሃን ድረስ የመጣው ለአንድ ባለብዙ ከብት ልጅ ሊድረኝ ነው። አባቴ እሺም እምቢም አላለም። ይህን የሰማው ህንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህሬ ትምህርቴን እንድቀጥል ሊለምንልኝ በነሐሴ ጭቃ ቤታችን መጣ። ደጃፍ ላይ ጫማውን በድንጋይ ሲጠርግ ቆይቶ ገባ። ፍልሰታ ስለነበር እናቴ ስልጆ አቀረበችለት፤ ሰናፍጩ አፍንጫውን ሰንጎት ዓይኑ እንባ ሞላ፣ መብላቱን ግን አልተወም።

ከዚያ ስለ እኔ መናገር ጀመረ። የሚያስተረጉመው ታላቅ ወንድሜ ኅሩይ ነበር።

«ናይስ ናት ይላል። ሸጋ ልጅ ናት ማለቱ ነው» አለ።

በእኛ አገር ሸጋ ጥሩም ነው፣ ቆንጆም ነው። አያ ደሴ የሰማው ቆንጆ የሚለውን ነው።

«ምነው፣ መልኳን ሊያይ ነው እንዴ የሚያስተምራት?» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ።

ኅሩይ ደንግጦ የቃሉን ትክክለኛ ፍቺ መምህሩን ጠየቀው። ሰውየው ደግሞ ቃል ይወድ ነበርና ከሥሩ ጀመረ። ከላቲን የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የማያውቅ፣ ሞኝ ማለት ነበር፤ ቆይቶ ቅምጥል፣ ከዚያ ጥንቁቅ፣ በመጨረሻ ደግና መልካም ሆነ። ኅሩይ አንድም ሳያስቀር ተረጎመው።

«ቅድም ሸጋ አላት፣ አሁን ሞኝ አላት» አለ አያ ደሴ። «መሪጌታ፣ ይህን ነው ተቀምጠው የሚሰሙት?»

የአባቴ ፊት ግን በርቶ ነበር። «የእኛም የዋህ እንዲሁ ነው» አለ። «በግእዙ ገርና ትሑት፣ የሚመሰገን ሰው ነበር። ዛሬ አራዳ ገበያ ወርደህ እገሌ የዋህ ነው ብትል፣ የሚታለል ነው ማለትህ ነው። የእኛው ወረደ፣ የእነሱ ወጣ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ የትኛው ነሽ?»

ትልልቆች ስለ እኔ ሲመክሩ ማንም እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። ዓይኔን ከመሬት ሳላነሣ መለስኩ።

«የመጀመሪያው ነኝ አባዬ፤ የማላውቅ። መማር የምፈልገውም ለዚያ ነው።»

ዝናቡ የሣር ክዳኑን ሲመታ ይሰማል።

«እንግዲያ ትማር» አለ አባቴ።

አያ ደሴ በማግስቱ ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ። እስከ አባቴ ቀብር ድረስ ቤታችንን አልረገጠም። እናቴ በዚህ ብዙ አዘነች፤ በእኔ ላይ ግን አንድም ቀን አላነሣችውም። እኔም ተምሬ መምህርት ሆንኩ።

የመልሴ ብልህነት ነው ያዳነኝ አልልም፤ የፈራች ልጅ መልስ ነበር። ነገሩን የለወጠው የአባቴ መጠየቅ ነው። ዛሬም ጎረቤቶቼ ስለ ሴት ልጃቸው ሲመክሩ ከደረስኩ «እሷን ጠየቃችኋት?» እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል። እኔ ግን መልሱን ከልጅቷ አፍ ሳልሰማ ከመቀመጫዬ አልነሣም።