የበረኛዋ ዳኞች

ደባርቅ አማርኛ በማስተምርባቸው ዓመታት፣ ከገደል በታች በጭጋግ ተሸፍኖ ስለሚኖር አንድ መንግሥት ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት ጻፍሁ። መንግሥቱ የትም የለም፤ ከራሴ ያወጣሁት ነው። ዋልያዎቹ ይመክራሉ፣ ሰዎቹ ደመና ላይ መንገድ ጠርገው ይሄዳሉ፣ ንጉሡ ሲቆጣ ጥላው ከእሱ ቀድሞ ይነሣል። የሥራ ባልደረቦቼ "ተረትሽን አልጨረስሽም?" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም ተረት መሆኑን አልካድሁም። ረጅም ተረት ነው እላቸዋለሁ።

መጻሕፍቱ ጎንደር በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ታትመው፣ በካርቶን ታሽገው፣ በአውቶቡስ ጣራ ላይ አቧራ ለብሰው ይመጡ ነበር። አስፋልቱ ገና አልደረሰልንም ነበር። ከመናኸሪያው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ባለሱቅ ተቀብለው ይሸጡልኛል። ገዥዎቼ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወደ ፓርኩ የሚመላለሱ ሰዎች ነበሩ። አንዱ የገዛውን መንደሩ ሁሉ ስለሚዋሰው፣ ብዙ ጊዜ የራሴን መጽሐፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ ተለብጦ አገኘው ነበር።

በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት በረኛ አለች። የከተማዋን የሰሜን በር ትጠብቃለች። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ በሩን ለጠላት ከፈተችው፤ ከተማዋ ተቃጠለች፤ እሷም ከዚያ ወዲያ አትታይም። ታሪኳ በጠቅላላው ከአራት ገጽ አያልፍም። አንባቢዎቼ ግን ከተማዋን ካቃጠለው የጠላት ንጉሥ ይልቅ እሷን ጠሉ። በትምህርት ቤታችን ጓደኛው ላይ የሚያሳብቅ ተማሪ "በረኛዋ" ይባል ጀመር። የትምህርት ቤቱ ቡድን ከጎረቤታችን ከዳባት ጋር ገጥሞ ጎል የተቆጠረበት ዕለት ደግሞ፣ ግብ ጠባቂያችን ሜዳውን ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ ተማሪው ሁሉ "በረኛዋ፣ በረኛዋ" እያለ ሸኘው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሳቄ ግን ሙሉ አልነበረም። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እነዚያን አራት ገጾች የጻፍኋቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ የፈተና ወረቀት እያረምሁ በመሐል በመሐሉ ነው። ለታሪኩ በሩ መከፈት ነበረበት፤ የሚከፍት ሰው አስፈለገኝ፤ በሩ ላይ የቆመችው እሷ ስለነበረች እሷን አስከፈትኋት። ለምን እንደከፈተች ራሴን አልጠየቅሁም። ሦስተኛውን መጽሐፍ ጨርሼ ሳርፍ ይህ ነገር እየመጣ ይቆረቁረኝ ጀመር። አንዲትን ሴት፣ የፈጠራም ብትሆን፣ ሳልጠይቃት አገር ሁሉ እንዲሰድባት አድርጌአለሁ።

ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት ስለ እሷ ብቻ የምትናገር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጻፍሁ። አራተኛ መጽሐፍ አይደለችም፤ ከሦስቱ ጎን የምትነበብ ናት። በረኛዋ ወደ ማዶ አገር የተዳረች ታናሽ እህት ነበረቻት። በዚያ ንጋት የእህቷን ድምፅ ከውጭ ሰማች። "ልጄን ይዣለሁ፣ ክፈችልኝ" አለቻት፤ ከፈተችላት። ጠላት ከእህቷ ኋላ አድፍጦ ነበር።

ባለሱቁ ካርቶኑን ሲከፍቱ አንዷን አንሥተው በሁለት ጣታቸው መዘኗት።

"ይቺ ምን ነካት? ከስታለች" አሉኝ።

"ስለ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነች ነው።"

"ስለ ማን?"

"ስለ በረኛዋ።"

መጽሐፏን ቀስ አድርገው መደርደሪያው ላይ መለሷት። "የሚገዛስ ይኖራል" አሉ። "የሚመጣብሽ ግን ይበዛል።"

እንዳሉትም ሆነ። መጀመሪያ የመጣችብኝ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ ሦስቱን መጻሕፍት ከእኔ በተሻለ የምታውቅ፣ ስም ስሳሳት የምታርመኝ ልጅ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀችና ቀጭኗን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ቲቸር፣ አበላሹብኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ሦስቱንም። እስካሁን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን ከተማዋ ስትቃጠል ባነበብሁ ቁጥር እህትየዋ ትመጣብኛለች። ለበረኛዋ ማዘን አልፈልግም።"

"እንግዲያው አትዘኚላት።"

"አልቻልሁም። ያናደደኝም እሱ ነው።"

ከደብተሯ መሐል በጥቃቅን ጽሕፈት የተሞሉ ገጾች አወጣች። ታሪኩን በራሷ መንገድ ጽፋዋለች። በእሷ ታሪክ በረኛዋ ጆሮዋን ደፍና ትቆማለች፣ በሩም አይከፈትም፣ ከተማዋ ትድናለች። ጥሩ አድርጋ ጽፋዋለች፤ ይህንንም ነገርኋት። ከዚያ "እህትየዋስ ውጭ ቀርታ ምን ሆነች?" ብዬ ጠየቅኋት።

"እሱን ገና አልጻፍሁትም" አለችና ወረቀቶቿን መልሳ ሰበሰበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ አንድ ሰው በቅሎ እየሳበ ቤቴ መጣ። ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ እስከሚባለው ማደሪያ ሰፈር ድረስ የቱሪስት ጓዝ የሚጭን ባለበቅሎ ነው። ንባብ ብዙ አይሆንለትም፤ ስካውት፣ ማለት የፓርኩ ጠባቂ የሆነ ጓደኛው ሰፍረው ባደሩ ቁጥር እያነበበለት ሦስቱን መጻሕፍት ጨርሷል። በቅሎዋን አጥሬ ላይ አሰረና ሳይቀመጥ ክሱን ጀመረ።

"መምህርት፣ ይቺን በቅሎ አዩአት?"

"አየኋት።"

"ስሟ በረኛዋ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ ጭነት ጥላ ስለምትሸሽ ነው ያልኋት። ከሃዲ ናት። እስካሁን በዚህ ስም እየሰደብሁ ስነዳት ደኅና ትሄድልኝ ነበር። አሁን ጓደኛዬ ቀጭኗን አነበበልኝ።"

"እና?"

"እናማ ስሟ ስድብ አልሆን አለኝ። ልቆጣ ብዬ ስጠራት ድምፄ ይለሳለሳል። እሷም ገብቷታል መሰለኝ፣ ጭራሽ ብሶባታል። ሌላ ስም ያውጡልኝ፤ ያጠፉት እርስዎ ነዎት።"

ሳቄን ይዤ "በጠላት ንጉሥ ስም ለምን አትጠራትም?" አልሁት።

"ሴት ናት እኮ" አለኝ፣ ይህን ባለማስተዋሌ አዝኖ። ስም ሳላገኝለት ሄደ። ላስብበት ብዬ ቃል ገባሁለት፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከበረኛዋ ዳኞች ሁሉ ያስፈሩኝ ግን ከዳባት የመጡት ናቸው። በዳባት አቅራቢያ ባለ አንድ ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ለጉዳይ ደባርቅ መጥተው ኖሮ፣ አስጠይቀው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ቀጭኗን መጽሐፌን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋታል። እንዲህ ያለ ሰው የእኔን የጭጋግ አገር ያነባል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ፣ ደንግጬ እጅ ነሣሁና ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። መጽሐፏን ገለጡ። ኅዳጉ ሁሉ በእርሳስ ተጽፎበታል።

"ልጄ፣ ዋልያ ይናገራል ብለሻል፤ ይናገር፣ በዚህ አልጣላሽም" አሉኝ ረጋ ብለው። "በሩ ግን በሁለተኛው መጽሐፍ ወደ ውስጥ ይከፈታል። በዚህች ላይ ወደ ውጭ ተከፈተ።"

"ተሳስቻለሁ፣ የኔታ።"

"ሰው ይሳሳታል። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ለምን ከፈተች?"

"ለእህቷ ብላ ነዋ፣ የኔታ። ጽፌዋለሁ።"

"እሱ አንዱ ነው።" ጣታቸውን እያጠፉ ቀጠሉ። "አንድም ለእህቷ አዝና። አንድም ዕድሜዋን ሙሉ የዘጋችውን በር አንድ ቀን ከፍታ ማየት አምሯት። አንድም በሩ ቀድሞውንም አልተዘጋም ነበር፤ ሌላው ረስቶት በእሷ ተሳበበ።"

ሦስተኛዋ ለእኔም አዲስ ናት። ሦስት መጻሕፍትና አንዲት ቀጭን ጽፌ፣ አንድም ቀን አልመጣችልኝም።

"የኔታ፣ ይህን እኮ እኔ አልጻፍሁትም" አልኋቸው።

"መጻፍሽንማ አላልሁም። አለ ግን።" ቀጥለውም፣ "እነዚያን አራት ገጾች ስትጽፊ ቸኩለሻል" አሉኝ።

"በምን ዐወቁ?"

"ሌላውን ሰው ሁሉ ምን እንደለበሰ ትናገሪያለሽ። እሷን ሳታለብሻት ነው በር ላይ ያቆምሻት። ይቺ ቀጭኗ ንስሐሽ ናት። ደግ አደረግሽ።" ይህን ብለው ሳቁ። እኔም ከፍርሃቴ ተላቅቄ አብሬ ሳቅሁ።

ከዚህ በኋላ ሰዎቹን አንድ ላይ ማገናኘት አማረኝ። አንድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሰው ከተመለሰ በኋላ፣ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት አስከፍቼ ጠራኋቸው። ተማሪዬ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። መሪጌታ ከዳባት በሚኒባስ መጡ፤ ባለበቅሎው በር አጠገብ ተቀመጠ። ተማሪዬ ተነሥታ፣ የሺህ ሰው ሕይወት ከአንድ እህት እንደሚበልጥ፣ ከሃዲ በታሪክም ከሃዲ ሆኖ መቅረት እንዳለበት አጥብቃ ተናገረች። መሪጌታም እንደ አቻቸው አዳምጠው፣ "ይህም አንድም ነው" አሏት። ልጅቱ ደስ ይበላት ወይ ትቆጣ ግራ ገባት።

ያን ጊዜ ባለበቅሎው እጁን አነሣ። "እኔ ያልገባኝ" አለ፣ "ያቺ ሴት ብቻዋን ነበረች? የከተማ በር ያህል ነገር? እኛ እንኳ ጨነቅ ስንሰፍር ለበቅሎ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንጠብቅ። ተራ የሚቀበላት የት ነበረ? ስትደክም ማን ይተካታል?"

ቀስ በቀስ ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ብቻዋን ነበረች" አልሁ። "ሌላ ጠባቂ አላቆምሁም።"

"እንግዲያው ጥፋተኛዋ ቲቸር ናቸው" አለች ተማሪዬ። መጀመሪያ መሪጌታ ሳቁ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሻይ ሲቀርብ ልጅቱና መሪጌታ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በኅዳጉ በእርሳስ የተጻፉትን አንድ በአንድ ሲከራከሩባቸው አየሁ።

ባለበቅሎው ግን ነገሩን በዚያ አላበቃም። ተራራው ላይ ጊች መንደር ለሚኖሩ አሮጊት አክስቱ ታሪኩን ወስዶ አወራላቸው። አንድ ቀን ተመልሶ መጣና፣ "አክስቴ ጠይቅልኝ ብላኛለች። በረኛዋ ከዚያ በኋላ ማን ቤት ተጠጋች?" አለኝ። ይህን ከደባርቅም ከዳባትም የጠየቀኝ አልነበረም። ሁሉም ስለ በሩ ነው የሚያነሣው። የምመልሰው ስላልነበረኝ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን አለማወቄን ራሴ ሄጄ ለአክስቱ ልነግራቸው ተነሣሁ።

እስከ ሳንቃበር ሰፈር በጭነት መኪና ሄድን፤ በቅሎዋ ቀድማ እዚያ ተልካ ስለነበር፣ ከዚያ እኔ በእሷ፣ እሱ በእግሩ። ገብሱ እየታጨደ ነበር። አክስቱ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ቆዩን፤ ትኩስ የገብስ ቂጣ ሰጥተውኝ ገና ጎርሼ ሳልውጥ ጥያቄያቸውን ደገሙት።

"አላውቅም፣ እማማ" አልኋቸው።

"እንዴት አታውቂም? ያመጣሻት አንቺ አይደለሽ?"

"አምጥቻት ጥያት ሄድሁ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። በእጃቸው ወደ ማሳው አመለከቱኝ። "አጨዳ ሲደርስ ሰው ይፈለጋል። ወደ ደጋ ወጥታለች። ማጭድ ሰጥተዋታል፤ ማን ነሽ ያላት የለም። እንዲህ ነው የሚሆነው።"

"በሩን የከፈተችው እሷ መሆኗን ሲሰሙስ?"

"እስከዚያ ገብሱ ገብቷል፣ እነሱም ለምደዋታል። የለመዱትን ሰው ማን ያባርራል?"

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ያሉትን ቃል በቃል ጻፍሁ፤ በቀጭኗ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም የመጨረሻዋ ገጽ ይህችው ናት። ጽፌ ሳልጨርስ "ያ የእህቷ ሕፃንስ? ወንድ ነው ሴት?" አሉኝ።

መጽሐፉ ውስጥ "ልጄን" ብቻ ነው የሚለው። እዚያው ተቀምጬ ወሰንሁ።

"ሴት ናት" አልሁ።

"አውቄዋለሁ" አሉ፣ ደስ ብሏቸው፤ ወዲያው ጎረቤታቸውን ተጣርተው ነገሯት። በማግሥቱ ቁልቁለቱን ስንወርድ ባለበቅሎው ለሕፃኗ ስም ሲያወጣና ሲጥል፣ እኔ የእሱን ስጥል፣ እሱም የእኔን ሲጥል፣ ሳንስማማ ሳንቃበር ደረስን።