እቴ ዘይነባ ሰላምታ የመለሰችላቸው እንግዶች

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ሱመያ አዲሱን ኮምፒውተሬን ልታስተካክልልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ኢሜይሌን ከፈተችና የተከመረውን መልእክት ትጠርገው ጀመር። «እማ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ? አታውቂውም? ኸላስ፣ በቃ ታገደ። ይሄስ? ታገደ።» ጣቷ አይደክምም፣ ፊቷ ላይም አንዳች ነገር አይታይም። ዝንብ የምታባርር ነው የሚመስለው። እኔ ግን ያቺን የማገጃ ቁልፍ ስትጫን ባየሁ ቁጥር ሪያድ ጀራዲያ ሰፈር የነበረው የድሮ ቤታችን ትዝ ይለኛል። እዚያ ቤት አንዲት ሴት ያቺን ቁልፍ ላለማስጫን አጥብቃ ተከራክራኛለች።

ያኔ ገና ኮረዳ ነበርኩ። የወሎ ሰዎች ልጅ ብሆንም ተወልጄ ያደግሁት ሪያድ ስለሆነ አማርኛዬ እናቴን ያስቃት ነበር። አባቴ ከበጥሃ ገበያ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ሳሎን አስቀመጠው፤ እናቴ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ጥልፍ ጨርቅ አልብሳው እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ይውላል። ኢንተርኔት ለማግኘት የስልኩን መስመር መያዝ ነበረብን፤ መስመሩ እስኪገናኝ ሲንጫጫ እናቴ ከጓዳ «ደግሞ ጀመረው!» ትላለች።

እቴ ዘይነባ የእናቴ የአገር ቤት ጎረቤት ነበረች። ሱለይማኒያ ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። ስልክ መያዝ አይፈቀድላትም፤ ግን ማዳሟ ጁምዓ ከሰላት በኋላ እኛ ጋ እንድትመጣ ትለቃታለች፤ የቤቱ ሾፌር ያመጣትና መግሪብ ሳይደርስ ይወስዳታል። ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። ከሰፈራችን ጥግ ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ የተሚስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልላ ትገባለች፣ እኛም በፉል እያጠቀስን እንበላለን። በበጋ ሙቀቱ ከዳቦው ይሁን ከመንገዱ አይለይም ነበር።

እሷ ግን ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ልጇ ሀያት ኮምቦልቻ አጎቷ ጋ እየኖረች ትማር ነበር፤ በየሳምንቱ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ለእናቷ ትጽፋለች። ለዘይነባ አድራሻውን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ማንበብ ስለማትችል የማነብላትም እኔ። ሀያት አማርኛውን በላቲን ፊደል ስለምትጽፈው እየተደናቀፍኩ ሳነብ፣ ዘይነባ እጇን አፏ ላይ ጭና ትሰማና «እስቲ ድገሚልኝ፣ ረውዳዬ» ትለኛለች።

ችግሩ የጀመረው የማናውቃቸው ሰዎች መጻፍ ሲጀምሩ ነው። አንዱ ዕጣ ወጥቶልሻል ይላል፤ ሌላው የሞተ ሀብታም ወራሽ አድርጎሻል ይላል። ብልጦች ናቸው፤ ሁሉም «አሰላሙ ዓለይኩም፣ የተከበርሽ እህቴ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ዘይነባ ይህን ስትሰማ ተስተካክላ ትቀመጣለች።

«መልሺለት።»

«እቴ፣ እኮ አናውቀውም።»

«ሰላም ብሎኛል አይደል? ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው። ሌላ አትጻፊ፤ ወዓለይኩሙ ሰላም ብለሽ ላኪለት፣ ያላ።»

እናቴም ከእሷ ጋር ወገነች። እኔም እጽፋለሁ። መልስ ያገኘ ሁሉ አድራሻው ሰው እንዳለበት ያውቃል፣ ያወቀ ደግሞ ለሌላው ያቀብላል፤ ይህን ያኔ ከየት እወቀው? በየሳምንቱ የእንግዳው ቁጥር እየበዛ ሄደ። አንደኛውማ ከሰላምታው በኋላ አድራሻሽ እንዳይዘጋ የይለፍ ቃልሽን ላኪልን አለ። እሱን እንኳ እምቢ አልኩ። ዘይነባ ግን ሰላምታው ብቻ እንዲመለስለት አደረገች።

ከዚያ የሀያት መልእክት ጠፋ። በአንደኛው ጁምዓ ፈተና ይሆናል አልን። በሁለተኛው ዘይነባ ተሚሱን ሳትቀምስ ሄደች። በሦስተኛው ደግሞ ሾፌሩ ጥሩምባውን እያስጮኸ እሷ ከወንበሩ አልነሳም አለች። «ልጄን አንድ ነገር አግኝቷታል። ደብቃችሁኛል፣ ወላሂ ደብቃችሁኛል!» እናቴ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያለች ደግፋ አስነሳቻት።

በዚያ ሳምንት ገጹን ደጋግሜ ሳየው ከላይ በቀይ የተጻፈች መስመር አገኘሁ። ከማስታወቂያዎቹ አንዷ ትመስለኝ ነበር። የዘይነባ የመልእክት ሳጥን ሞልቷል፣ ከእንግዲህ ምንም አይቀበልም ትላለች። የመመሪያውን ገጽ በዐረብኛ አነበብኩት፦ ለማታውቁት አትመልሱ፣ አጥፉ፣ አግዱ።

ጁምዓ ሲደርስ ነገርኳት። «ሰላም ያለኝን ሰው በሩን ልዝጋበት? አላህ ዘንድ ምን እላለሁ?» አለችኝ። ሰዎቹ ሌቦች ናቸው ብላት «ሌብነታቸው የራሳቸው ነው፣ ሰላምታው ግን በእኔ ላይ ነው» አለች። በመጨረሻ መፍትሔውን ያገኘችው ራሷ ናት። ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች፣ ሻርፗን አስተካከለች። እኔ የላኪውን ስም አነባለሁ፤ እሷ ለኮምፒውተሩ መስተዋት ጎንበስ ብላ «ወዓለይኩሙ ሰላም» ትላለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ዝጊበት» ትላለች፤ እኔም አጥፍቼ አግደዋለሁ። እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ጓዳ ገባች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ፉሉ ቀዝቅዞ፣ ሾፌሩ መጥቶ እየጠበቃት፣ አንድም ሰው ሳትዘል ጨረሰች።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሳጥኑ ውስጥ አንድ አዲስ መልእክት ብቻ ነበር፤ የሀያት።

«እማ፣ የላክሁት ሁሉ እየተመለሰ መጣ። ኢንተርኔት ቤት ያለውን ሰውዬ እንግሊዝኛው ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው እናትሽ አልቀበልም ብላለች አለኝ። ምን አጠፋሁ? ይሄም ከተመለሰ ሁለተኛ አልጽፍም።»

ድገሚልኝ አላለችም። እጇ ከአፏ ወርዶ ጭኗ ላይ ቀረ። «ለአገሩ ሁሉ ወዓለይኩሙ ሰላም ስል፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ልጄ ደጅ ቆማ ነበር?» ወደ እኔ ዞራ «ጻፊላት» አለችኝ። «ቤቱን የሞላብኝ እንግዳ ነው በያት። አንቺን አይደለም የመለስኩት፤ አንቺን ነው ስጠብቅ የነበርኩት በያት።» ከዚያ ወዲያ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ዘይነባ አገሯ ከገባች ብዙ ዘመን ሆናት። ማገድ ክፋት እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል፤ ሱመያም እንዳሻት ብትጠርግ አልከፋም። ግን ማሽኑ በሩን ሲዘጋ የሚመጣው ማን እንደሆነ አይለይም፤ ውጭ የቀረውም ለምን እንደቀረ የሚነግረው የለም። የሆነውን ሁሉ ለሀያት አስረድተናታል፤ ገብቶኛል ብላለች። ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት፣ ከእኔ ጋርም አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። መልሴ ትንሽ ከዘገየ ግን ሁልጊዜ የምትልክልኝ አንድ ነው፦ «ረውዳ፣ ምን አጠፋሁ?» ስለዚህ የእሷን ሳልመልስ አላድርም።