ላጲስ የቀደደው መስኮት

ሰፈሩ በሙሉ «ላጲስ» ይለዋል። ሥራው የቤት ፕላን መንደፍ ነው፤ ሙያውን የተማረው ከግንበኞች ጎን ቆሞ በማየትና ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍት በማንበብ ነው። እጁ የተባረከ ነው። ምላሱ ግን «አይሆንም» ማለት አያውቅም። ደንበኛው በሩን ወደ ግራ ሲለው ያጠፋል፤ የደንበኛው ሚስት ወደ ቀኝ ስትለው ያጠፋል፤ አማትየዋ ከመጡ በሩ ራሱ አይገኝም። የገዛ ሚስቱ፣ «እኔንም ያገባኝ እምቢ ማለት አቅቶት ነው» እያለች ሰው ታስቃለች። እሱም አብሮ ይስቃል፤ በሆዱ ግን እምቢ ማለት ስላቃተው ፈጣሪውን ያመሰግናል።

የሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሮጌውን አዳራሽ ግማሹን ቤተ መጻሕፍት፣ ግማሹን የሳይንስ ማዕከል አድርጎ እንዲነድፍለት ሲጠይቀው፣ ደስታው ለጉድ ነበር። በልጅነቱ የሚያነበው ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ነበርና። ዳይሬክተሯ ግን ቁርጡን ነገሩት፤ ንድፉ ሰኞ ጠዋት ካልደረሰ አዳራሹ የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ይሆናል።

ከባድ ሥራ አልነበረም። የከበደው፣ የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊና የሳይንስ መምህሩ ባልና ሚስት መሆናቸው ነው። ጠዋት ሚስትየው ብቅ ትልና፣ ባሏ ለሙከራ ፊኛ ባፈነዳ ቁጥር ልጆቹ የሚያነቡት ገጽ እንደሚጠፋባቸው አስረድታ፣ የመሃሉ ግድግዳ ወደ እሱ ገፋ እንዲል ትለምናለች። ላጲስ ያጠፋል። ከሰዓት ባልየው ይመጣል። ቴሌስኮፑ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ አጥቷልና ግድግዳው ወደ እሷ ይግፋ ይላል።

«እኔ እንዳልኩ ግን እንዳትነግርብኝ፣ ወንድሜ» ይጨምራል። «ማታ ከእሷ ጋር ቤት የምገባው እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።»

ላጲስ ያጠፋል። ግድግዳው በዚያችው ጣት በማትሞላ ቦታ ወዲያና ወዲህ ሲል ሳምንቱ አለቀ።

እሑድ ከጸሎት መልስ፣ ግድግዳውን እመሃል አስገብቶ ሊገላገል አንድ ጊዜ ፈተግ ቢያደርገው ወረቀቱ ተቀደደ። ልክ ግድግዳው ላይ አተር የምታክል ቀዳዳ ተከፈተች። የንድፍ ወረቀት የሚሸጠው ሱቅ ዝግ ነው። «አምላኬ፣ በዚችው ቀዳዳ አሾልከህ አውጣኝ» ብሎ ተኛ።

ሰኞ ዳይሬክተሯ ንድፉን ወደ ብርሃን አነሱት። ባልና ሚስቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ብርሃኑ በቀዳዳዋ አልፎ የዳይሬክተሯ አፍንጫ ላይ አረፈ።

«ይቺ መስኮት ናት?» አሉ።

ላጲስ «አይደለችም» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ እንደ ልማዱ አልወጣም። ዳይሬክተሯ ቀጠሉ፤ እዚህ ስለ ማግኔት ያነበበ ልጅ ቀና ሲል እዚያ ማዶ ማግኔቱ ሚስማር ሲስብ ያያል፣ እንዴት ያለ ሐሳብ ነው እያሉ። ላጲስን ሕሊናው ቆረቆረው።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ፤ ላጲስ ነው የቀደደው።»

«የትኛው ላጲስ?» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ማንም ይቅደደው፤ መስታወት ይግባበት።»

ንድፉ ጸደቀ። በማግስቱ ግን ሚስትየው መጣች፤ ባሏ ፊኛ ሲያነሳ እንድታየው መስኮቱ ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ ይበል አለች። ንግግሯን ሳትጨርስ ባልየው ደረሰ፤ እሱ ደግሞ ከጠረጴዛዋ ራቅ እንዲልለት ፈለገ። ላጲስ እጁን ወደ ላጲሱ ሰደደ። ከዚያ ቀዳዳዋን አያት። ያለ እሱ ጥበብ የተሰጠችው ነገር ናት፤ እንዴት ይነካታል?

«አይሆንም» አለ።

ሦስቱም ደነገጡ፤ ከሁሉም የባሰ የደነገጠው እሱ ነበር። ባልና ሚስቱ ተያይተው፣ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ወጡ።

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ግንባሩን ዳሰሰች። ትኩሳት የለውም።

«እስቲ ድገመው።»

«አይሆንም» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ጎሽ የኔ ጌታ። በል ነገ የኩሽናውን መደርደሪያ ታስተካክልልኛለህ።»

«እሺ» አለ ላጲስ።