ጎን ለጎን የመቀመጫ ክፍያ

ምራቴ የሰው ካፖርት ጭኗ ላይ ዘርግታ የተበላሸ ዚፕ እየፈታች ነው። በቀኝ እጇ ምላጭ ይዛለች፣ በግራዋ ጨርቁን ወጠር ታደርጋለች፣ ከንፈሯ መሀል እስፒል ነክሳለች። ምላጩ ክሩን ይበጥሳል እንጂ ጨርቁን አይነካም። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ቀሚስ ታጠባለች፣ የተቀደደ ትሰፋለች፤ ስም ያወጣላት ግን ዚፕ ነው። ሰፈሩ «እመት ዚፕ» ይላታል፤ እሷም ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ከቆርቆሮው ውስጥ ቁልፍ በየዓይነቱ እለይላታለሁ። እጇ እንዲህ ሥራ ሲይዝ አፏ ዝም ይላል፤ ሆዷ ግን ዝም እንደማይል አውቃለሁ።

ባሏ ልጄ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ለምሳ ሲመጣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ሶፋው ላይ አረፍ ብሎ ራዲዮኑን ይከፍታል። በጎ ልጅ ነው፣ አይጠጣም፣ አያመሽም። አንድ ነገር ግን አለበት። አንዲት ዘፋኝ አለች፤ ምራቴ ስሟን ጠርታው አታውቅም፣ «ያቺ» ነው የምትላት። ያቺ ስለ ዝናብ የምትዘፍነው አንድ ቀዝቃዛ ዘፈን አላት። ዘፈኑ ሲመጣ ልጄ ዓይኑን ይጨፍንና ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል። ቢጠሩት አይሰማም። ውሃ ቢገነፍል፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ እሱ የለም።

«የት ነው የሚሄደው እማማ?» ትለኛለች ምራቴ። «እኔ እዚህ፣ እሱ እዚህ፤ ያቺ ስትመጣ ግን ጥሎኝ ይሄዳል።»

«ዘፈን ነው የኔ ልጅ። ሲያልቅ ይመለሳል።»

«ይመለሳል። ግን የት ከርሞ?»

ከዚያ ተነስታ ወጥ ቤት ትገባለች፤ የታጠበውን ድስት ደግማ ታጥበዋለች፣ ክዳኑን ታንኳኳለች። ሃያ ዓመት ያ ዘፈን በመጣ ቁጥር ድስት ሲንኳኳ ኖሯል። የኔም ዓይን እሷን ተከትሎ ወጥ ቤት ይገባል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው ምን ይታያል ብዬ ልጄን አላየውም ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ራዲዮኑ ያቺ ወደ ከተማው ትልቅ አዳራሽ ልትመጣ ነው አለ። ልጄ እጁን ወደ ራዲዮኑ ዘረጋ። ድምፁን ብቻ ከፍ አደረገው። ምራቴ እስፒሉን ከአፏ አውጥታ፣ «እንሄዳለን» አለች።

«የት?» አለ፣ ያልገባው መስሎ።

«ያቺ ዘንድ ነዋ። አብረን። ያ ዘፈን ሲዘፈን አጠገብህ ሆኜ የት እንደምትሄድ አያለሁ።»

ልጄ እስከ ጆሮው ቀላ። እምቢም እሺም ሳይል ሥራው ሄደ፤ ሲወጣ ግን ያፏጭ ነበር። ማፏጨቱ ደግሞ አንጀቷን አሳረረው።

በማግስቱ አዳራሹ ድረስ ሄደች። የትኬት መስኮቱ አለ፣ ሰው ግን የለበትም፤ ከውስጥ መጋረጃ ተጋርዶበታል። ጥበቃው፣ «በስልክ ነው እቴ፣ በኢንተርኔት ነው። እኔም ለልጄ ፈልጌ ከዚሁ ከበሩ ላይ ቆሜ አጣሁ» አላት። ቤት ተመለሰችና ስልኳን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ጠመኔና መቀስ መሀል አስቀመጠችው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው፤ ዘግይቼ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። እሷ ትነካካለች፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

«ወ-ረ-ፋ ላይ ነዎት ይላል።»

«የምን ወረፋ? የማንም ጀርባ አይታየኝም።»

ጠበቅን። ሻይ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ተከፈተ፤ ስም ጻፉ አለ። ምራቴ የባሏን ስም አስቀድማ፣ የራሷን አስከትላ ጻፈች። ልብ በሉልኝ፣ እንዲያ ስትቀና የከረመችው ሴት እጇ የጻፈው የእሱን ስም ነው መጀመሪያ። ከላይ አንድ ትንሽ ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ፣ የቸኮለ ይግዛ እንደማለት። ዋጋው ሲታይ፣ «ደህና ነው» አለች። ወደ ታች ስትገፋው ሌላ መጣ።

«የአገልግሎት ክፍያ» አልኩ።

«የምን አገልግሎት? የምሠራው እኔ ነኝ እኮ!»

«የማስተናገጃ ክፍያ።»

«ማን አስተናገደኝ?»

«የትኬት መ-ላ-ኪ-ያ ክፍያ።»

«ወዴት ነው የሚልኩት? ስልኬ እጄ ላይ አይደለም እንዴ? ይሄን የሚያመጣው ሰው የት ነው ያለው፣ ወጥ ቤት?»

ሳቄን ዋጥኩ። ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሌላ ነበር፤ መነጽሬን ወደ ዓይኔ ገፍቼ አነበብኩት። «ጎን ለጎን የመቀመጫ ክፍያ።»

እጇ ቆመ። ፊቷ ጠቆረ። «ይድገሙልኝ እማማ።»

ደገምኩላት።

«ከገዛ ባሌ ጋር ለመቀመጥ ልከፍል? ሃያ ዓመት በነጻ ተቀምጬ? ያቺ ነች ይሄንን ያስጻፈችው!»

«እንግዲህ ዘፋኟ የወንበር ነገር ምን ታውቃለች። ግን ልጄ፣ ለየብቻ ቢያስቀምጧችሁስ?»

«አንድ ላይ የተገዛ አንድ ላይ ይቀመጣል። አውቶቡስ እንኳን አይለያየንም!» አለችና ያቺን ክፍያ በአውራ ጣቷ ሰረዘቻት፤ ጫን ብላ፣ ቁንጫ እንደምትገድል።

ትኬቶቹ ወዲያው መጡ። የልጄ ከመድረኩ ሁለተኛው ረድፍ፣ ልክ መሀል ላይ። የእሷ ከኋላ፣ ከስሩ «ምሰሶ አለበት፣ እይታው የተወሰነ ነው» የሚል ማስታወሻ ያለው። ስልክ ደወለች። ትህትናው የሚያንጠባጥብ ልጅ አነሳላትና ስም መለዋወጥም ወንበር መለወጥም እንደሚቻል ነገራት፤ የመለወጫ ክፍያ አለው። ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ቁጭ ብላ ስታስበው ነው ቅናቱ የባሰባት። ባሏን ከያቺ ልትጠብቀው ብላ ወጥታ ወርዳ፣ ወስዳ የያቺ አፍንጫ ስር አስቀመጠችው፤ ራሷን ከምሰሶ ጀርባ።

ቀኑ ሲደርስ የባሏን ኮት ስትተኩስ አየኋት። ቆም አለችና፣ «አሳምሬ ለያቺ ልላክላት እንዴ?» አለች። የአንገትጌውን አንዱን ጎን እንደተጨማደደ ልትተወው አሰበች መሰለኝ፤ ግን እጇ የተበላሸ ሥራ አያውቅም። እንደ አዲስ አድርጋ ተኮሰችው። ከሰዓት በኋላ ወጡ፤ እኔ ከልጆቹ ጋር ቤት ቀረሁ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ የማይስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

በር ላይ ሰልፉ የተጣመመ ነበር አሉ። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ይጨቃጨቃል።

«እኔን የምቾት ክፍያ ብለው አስከፈሉኝ።»

«ታዲያ ምቾቱን አገኘኸው?»

«ይኸው ቆሜ የምታየኝ አይደል!»

ውስጥ ሲገቡ ምራቴ ቀጥታ ወደ ባሏ ረድፍ ሄደች። አጠገቡ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች፣ ሽቶዋ ከሩቅ የሚጣራ ሴት ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ይሄ ባሌ ነው። ወንበር ብንለዋወጥ?»

«የትኛው ነው ያንቺ?»

«ከኋላ ነው። ትንሽ ምሰሶ አለው፤ ቀጭን ነው።»

«ቀጭን ከሆነ ለምን ትለቂዋለሽ?» አለች ባለ ሻርፗ፤ ከዚያ ትንሽ ለስለስ ብላ፣ «አትቀየሚኝ። እኔም ለዚህች ወንበር መምረጫ ተብዬ ከፍያለሁ። ብቻዬን ነው የመጣሁት፣ ደህና ቦታ እንኳን ላግኝ።»

ወንበር የሚያሳየው ሰው ባትሪውን እያበራ መጣና ወደ ኋላ ሸኛት። ልጄ ዞሮ በዓይኑ ተከተላት፤ መብራቱ ጠፋ።

ምሰሶው ሁለት ሰው ተያይዞ እንኳን የማያቅፈው ነበር። ወደ ግራ ስታጋድል የመድረኩ እኩሌታ ይታያታል፤ ወደ ቀኝ ስታጋድል የባሏ ጭንቅላት ይታያታል። ወደ ቀኝ አጋደለች። ያቺ ወጣች፣ ዘፈነች፣ ሰው ጮኸ፤ ምራቴ ግን አንድ ማጅራት ብቻ ስታይ ቆየች። ባለ ሻርፗ ዘንበል ብላ አንድ ነገር ስትለው አየች። መለሰላት! (ልጄ፣ «ፕሮግራሙ መቼ ያልቃል ብላኝ ነው» ይላል።) ምራቴ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍት ስትዘጋ፣ የጎረቤቷ ሰውዬ፣ «እመቤቴ፣ ሙዚቃ እየሰማን ነው» አላት።

ከዚያ የዝናቡ ዘፈን መጣ።

የባሏ ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲል አየች፤ ዓይኑ እንደተጨፈነ ከማጅራቱ አወቀች። «አሁን ሄደ» አለች በልቧ። ወዲያው ክንዱ ተነቃነቀ። እጁ ከጭኑ ላይ ተነስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ወደ ጎን ሄደና የባለ አረንጓዴ ሻርፗን እጅ ያዘ።

ሴትዮዋም ወዲያው አልነጠቀችውም። የማይስማሙበት ይሄ ነው። ልጄ፣ «ወዲያው ነው» ይላል። ምራቴ፣ «አንድ ስንኝ ሙሉ!» ትላለች።

ተነሳች። የሰው ጉልበት እየረገጠች፣ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ በመተላለፊያው ወረደች። ባለ ባትሪው፣ «ትኬትዎን! ትኬትዎን ያሳዩ!» እያለ ተከተላት።

«ትኬት አይደለም የጠፋኝ፣ ባሌ ነው!»

ደርሳ ከፊቱ ቆመች። ልጄ ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱን ከፊቱ ቆማ አያት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ያዘው እጅ ተመለከተ።

«አንቺ እዚያ ነሽ እንዴ?» አለ። «ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። ባለ ሻርፗ፣ «የኔ ነው፤ መልስልኝ» አለችው። ከዚያ ተነሳች፤ ምራቴ እንደምትለው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ነይ ተቀመጪ እህቴ፣ ባልሽን ያዢ። ያንን ቀጭን ምሰሶሽን አሳዪኝ።»

ምራቴ ስትቀመጥ አዳራሹ አጨበጨበ። ለእሷ አልነበረም። ዘፈኑ አልቆ ነው።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «ዘፈኑ ሲመጣ እጅሽን ነው የምፈልገው፣ አጣሻለሁ እንጂ አለኝ እማማ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሶፋውን ሲዳብስ ኖሯል፤ እኔ ድስት ሳንኳኳ።» ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። ቀና ብላ ስታየኝ ግን ያው የማውቀው ፊት ነው። «ፊት ለፊት፣ መድረክ ላይ፣ በራሷ በዘፋኟ አፍ ሲዘፈን የተያዘው ግን የያቺ ባለ ሻርፕ እጅ ነው። እኔ የከፈልኩበትን እሷ ወሰደችው።»

ከዚያ ወዲህ ዘፋኟን በስሟ ትጠራለች። «ያቺ» የምትባለው ባለ ሻርፗ ሆናለች። ራዲዮኑ ላይ የዝናቡ ዘፈን ሲመጣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ሮጣ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ እጁም ይመጣል። ያዝ አድርጋው ትቆይና፣ «ይሄ ግን ራዲዮን ነው» ትላለች። አረንጓዴ ጨርቅ ለስፌት ያመጣች ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ ፊቷ ይታያል፣ ቀጥሎ እጇ።

አሁን ዘፋኟ ተመልሳ ልትመጣ ነው። ምራቴ ዘንድሮ ጥርሷን ነክሳ ያቺን የጎን ለጎን ክፍያ ልትከፍል ተዘጋጅታ ነበር፤ እኔ አነበብኩላት፣ «ጎን ለጎን ያለው ተሽጦ አልቋል» ይላል። የቀረው ለየብቻ ነው። ገዛችው።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመሀላችሁ ትኬት የደረሰው አይጠፋም። አንገትጌው በደንብ የተተኮሰ፣ እጁ የሻከረ ሰው አጠገባችሁ ቢቀመጥና፣ አንዲት ሴት ከኋላ መጥታ ወንበር እንለዋወጥ ብትላችሁ፣ ስለ ምሰሶው የምትነግራችሁን አትመኑ፤ ወፍራም ነው። ግን እባካችሁ ተነሱላት። ድምፁ ከምሰሶው ኋላም ይሰማል። ብቻ የዝናቡ ዘፈን ሳይጀመር ተነሱላት።