በረንዳ ላይ የናፈሰው ደለል

ወልቂጤ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ አክስቴ ግን እስከ ዛሬ "የጭቃ መምህሩ" ነው የምትለኝ። ይገባኛል።

አረቅጥ አጠገብ ካለው መንደሯ በላይ ትንሽ የውሃ ግድብ አለ፤ ቧንቧቸው የሚስበው ከግድቡ ሥር ነው። በበጋ ውሃው ብረት ብረት ሲላቸው "ይጠጣል ወይ?" ብለው እኔን ጠየቁ። ከቤተሰቡ የተማርኩት እኔ ነኛ! ከሥር ደለል ከነውሃው በጠርሙስ ዘግኜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገና ሳንርቅ መሽተት ጀመረ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና "ወንድሜ፣ ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?" አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ መግቢያ አጣሁ። ቤት እንደደረስኩ ክዳኑን ከፍቼ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን አናፈስኩት። ሽታው ጠፋ። ስመረምረው ከደለሉ ላይ ያለው ውሃ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት። ወዲያው ደወልኩላት።

"አክስቴ፣ ያለ ሐሳብ ጠጪ!"

በሳምንቱ ልጠይቃት ሄጄ የሾፌሩን ነገር አወራሁላት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

"ከፍተህ አናፈስከው?" አለች። "የቆጮ ጉድጓድ ሁለት ቀን ከፍተህ ብትተወው፣ የምታገኘው ያው ታፍኖ እንዲብላላ የቀበርኩት ቆጮ ነው?"

በየዓመቱ ተማሪዎቼን የማስለፈልፋቸው ነገር እኮ ነው! ደለል ውስጥ ያለው ብረት አየር ሲያገኝ እንደ አርሴኒክ ያለውን መርዝ ጨብጦ ይይዛል፤ አየር ሲያጣ ይለቀዋል። በበጋ ግድቡ ሥር አየር የለም። እኔ በረንዳ ላይ ግን ሞልቷል።

"ድጋሚ እስክመረምር የምንጭ ውሃ ጠጪ" ብያት አብረን ወደ ግድቡ ወጣን። ጠርሙሱን አየር ሳላስቀር እስከ አፉ ሞላሁት። እሷ ደግሞ ክዳኑን አጥብቃ፣ እንደ ቆጮዋ በኮባ ደራርባ ጠቅልላ በቃጫ ጠፈረችው። በዚያ ጉዞ ማንም አፍንጫውን አልያዘም።

አርሴኒኩ ውሃው ውስጥ ተገኘ።

ወዲያው ደወልኩላት። ከግድቡ ሥር የሚስበውን ቧንቧ ዘግተው ሌላ መላ እስኪገኝ ከምንጭ እንዲቀዱ ነገርኳት። ከዚያ ፈራ ተባ እያልኩ "ያን ሳምንት ጠጥተሽ ነበር እንዴ?" አልኳት።

"ታዲያስ! ጎረቤቱ ሲፈራ ፊታቸው ቀድቼ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ መርምሮታል ብዬ።"

"ስመጣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሚኒባስ ውስጥ ያፈርከው ይበቃሃል ብዬ ነዋ" አለችኝ።